ጉንጬ ተናካሽ የሆነበት ሰሞን

ጉንጬ ጥርስ ሠሪዋን የነከሳት ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሥራ እየተጣደፈች ሳለ ነበር። የውሃ ጡጦውን ልትቀይርለት የሽቦ ቤቱን በር ከፍታ እጇን ሰደደች። እንደ ወትሮው አፍንጫውን እያነቃነቀ መጥቶ ጣቷን ያሸታል ብላ ስትጠብቅ፣ ከመተኛ ሣጥኑ እንደ ጥይት ተወርውሮ ወጣና የሌባ ጣቷን ጫፍ ግጥም አድርጎ ያዘው። እጇን ስትስብ አብሯት ተንጠልጥሎ ወጣ። "ኧረ ልቀቀኝ!" ብላ ስትጮህ ሰጋቱራው ላይ ወደቀ። ወዲያው በጀርባው ተንጋልሎ፣ አራት እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ጮኸባት። እፍኝ ከማይሞላ ፍጡር እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ጉንጬ ሃምስተር ነው። ከአይጥ ወገን ይሁን እንጂ ጭራው መኖሩም አይታወቅ፤ ክብ፣ የማር ቀለም ያለው፣ መዳፍ ላይ ቁጭ የሚል እንስሳ ነው። የሰጡትን ምግብ ወዲያው አይበላም። ጉንጮቹ ውስጥ ጠቅጥቆ ወደ ጓዳው ያጓጉዘዋል፤ ያኔ ፊቱ ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ ይመስላል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የጥርስ ሠሪዋ የአሥር ዓመት ልጅ ከስምንት ወር በፊት ለልደቷ ከተሰጣት ጀምሮ ማንንም ነክሶ አያውቅም። እንዲያውም የልጅቷ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ይተኛ ነበር።

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ አራተኛው፣ ባሏ፣ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እሷ ጥርስ ላለቀባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ሰም ትቀርጻለች፣ ጀሶ ታቦካለች፤ ሰፈሩም ጥርስ ሠሪዋ ይላታል። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በሐኪም ቤት ድሬሰርነት የሰው ቁስል ሲያጥቡና በፋሻ ሲጠቀልሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። በንጽሕና ቀልድ አያውቁም። ብርጭቆ እንኳ ወደ ብርሃን አንስተው ሳያዩ ውሃ አይጠጡም። የልጅ ልጃቸውን ገና በአራት ዓመቷ ፋሻ አስይዘው "ሲስተር" ብለው ሾሟት፤ ስሙ ጸንቶ አሁን እናቷም አባቷም ሲስተር ነው የሚሏት።

ያን ቀን ላብራቶሪው ውስጥ ባልደረባዋ የታሰረ ጣቷን አይቶ፣ "ስንቱን ጥርስ አስታጥቀሽ ለንክሻ ስታሰማሪ ኖረሽ፣ ዛሬ ተራሽ ደረሰ!" ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች። ግን በታሰረ ጣት ሰም መቅረጽ አልሆነላትም፤ የአንዲት ሴትዮ የፊት ጥርስ ሁለቴ ተበላሸባት።

አመሻሽ ላይ ልጇን ማድ ቤት ጠራቻት።

"ሲስተር፣ እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።"

"ለምን?"

"አሳዪኝ አልኩሽ።"

በአውራ ጣቷና በመዳፏ ጠርዝ አራት ቦታ ተነክሳለች። ሦስቱ ደርቀዋል፤ አንዱ ገና ቀይ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እንጃ።"

"እንጃ ማለት ምን ማለት ነው? እንዲህ እየነከሰሽ ነው ዝም ያልሽኝ?"

"ብዙ አያምም እኮ።"

"እንስሳ ከመሬት ተነስቶ አይከፋም። ምን አድርገሽው ነው?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተነቃነቀ፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ አያቷ ክፍል በር ሄዶ ተመለሰ። "ምንም" አለች። እናትየው ያን እይታ አይታዋለች፤ አያቷ እንዲደርሱላት የፈለገች መሰላት። አባቷ ከድሮም ለዚህች ልጅ ጥብቅና መቆም ይወዳሉ።

ነገሩን የበለጠ ግራ አጋቢ ያደረገው ጉንጬ ከቤቱ ሲወጣ ምንም አለመሆኑ ነው። በሩን ከፍተው ሲተዉት ቀስ ብሎ ራሱ ይወጣል፣ ሶፋው ላይ ይንሸራሸራል፣ የሰው ጉልበት ላይ ይወጣል። ሽቦው ውስጥ ሲሆን ግን እጅ ሲገባ ሰይጣን የሰፈረበት ይመስላል። ሾፌሩ በስልክ ሲሰማ፣ "ለሰጡን ሰዎች መልሱላቸውና እረፉ" አለ። ሲስተር ይህን ሰምታ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ቅዳሜ ዕለት እናትየው የታጠበ ልብስ ልታስቀምጥ የልጅቷን መሳቢያ ስትከፍት አንድ መጥፎ ጠረን ሸተታት። ከሥር አፉ የተቋጠረ ካልሲ አገኘች። ፈትታ ብታየው ቆሻሻ ሰጋቱራና የተበጣጠሰ ሶፍት ነው፤ የጉንጬ ሽንት ይሸታል።

"ይሄ ምንድን ነው? ሲስተር! ልብስ ውስጥ የእንስሳ ሽንት?"

ልጅቷ ካልሲውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። "እማዬ፣ አትጣዪው" አለች። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። የእናትየው ትዕግሥት አለቀ። "በቃ፣ አንቺ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ እንስሳ አጠገብ እንዳላይሽ" አለችና ከሳሎን የሽቦ ቤቱን ብድግ አደረገችው። "አባባ ክፍል ይሁን። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው እሱ ነው፤ ቢያንስ ማንም አይነካካውም።"

"አባባ ክፍል አይሁን! እባክሽ እማዬ፣ ሌላ የትም ይሁን!"

"ሁለተኛ አልሰማም።"

አባቷ በሩ ላይ ቆመው በደስታ ተቀበሏት። "ታካሚ አስተኛችሁልኝ ማለት ነው" አሉ። የጠረጴዛቸውን ጫፍ ጠርገው ቦታ አዘጋጁለት። ሁለት ጣቶቻቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

"ምን ሆነህ ነው አባዬ?"

"ምን አውቃለሁ፤ የሆነ ነገር ቧጭሮኝ ነው" አሉ፤ እሷም በዚያው አለፈችው። ያ ነገር በኋላ ብዙ ቆጫት።

አዲሱ ክፍል ውስጥ ጉንጬ ባሰበት። ቀኑን ሙሉ የሽቦውን ዘንግ ሲያኝክ ይውላል፤ በአራት ቀን የአፍንጫው ጫፍ ጠጉር ረግፎ ቀይ ሆነ። እንቅልፍም የለው። ረቡዕ ጠዋት ጥርስ ሠሪዋ ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቀደችና ከነቤቱ ታቅፋ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሙ ዕድሜውን በውሻና በከብት የጨረሰ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ጉንጬ ራሱ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ከዚያ ፎጣ ላይ አሳረፈው። ሆዱን ዳበሰ፣ ጥርሱን አየ፣ ጆሮውን በትንሽ ባትሪ አበራ። ጉንጬ አንዴም አልነከሰውም።

"ቁስል የለውም፣ እብጠት የለውም። ጉንጩ ግን ምነው እንዲህ ሞላ?" አለና በአውራ ጣቱ ከኋላ ወደፊት በቀስታ ገፋ ገፋ አደረገው። የሱፍ ፍሬ መውጣት ጀመረ። ከሱፉ ቀጥሎ የካሮት ቁራጭ፣ ከካሮቱ ቀጥሎ የተጨማደደ ሶፍት። ሐኪሙ ሶፍቱን በወረንጦ አንስቶ አሳያት። "ይሄ የመኝታው ነው። ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚዞረው። ያስቀመጡት ሁሉ እየጠፋ ሲያስቸግራቸው እንዲህ ያደርጋሉ።" ጎንበስ ብሎ የሽቦ ቤቱን አሸተተ። "ዛሬ አጥባችሁታል አይደል?"

"አይ ዶክተር፣ ቅዳሜ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"እህቴ፣ በረኪናው እኮ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነው።"

እሷም ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ እውነቱን ነው።

"እነዚህ ፍጥረቶች ዓይናቸው እምብዛም ነው" አለ ሐኪሙ። "ቤታቸውን የሚያውቁት በጠረን ነው። ጠረኑን በየቀኑ ካጠባችሁበት፣ በየቀኑ ሰው ቤት ነው የሚነቃው። እጅ ሲገባ ደግሞ ቤቱን ሊያፈርስ የመጣ ነው ብሎ ያስባል። አልተሳሳተምም። ለጥቂት ሳምንት የሚሸናበትን ጥግ ብቻ ጥረጉ፤ መኝታውን አትንኩት። ሰጋቱራ ስትቀይሩ ከአሮጌው እፍኝ መልሱበት። ማውጣት ስትፈልጉ በኩባያ ይሁን፤ ከላይ እጅ አይምጣበት።"

አውቶቡስ ውስጥ የሽቦ ቤቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትመለስ "ከአሮጌው እፍኝ መልሱበት" ያለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ካልሲው ትዝ ሲላት ክው አለች። አሮጌውን ሰጋቱራ የምትደብቅ ልጅ አጣቢዋ አይደለችም። እና ማነው? እሷ ቀን ቀን ሥራ ናት፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ግን ፊት ለፊት ልታየው አልደፈረችም።

ቤት እንደደረሰች ጉንጬን ቦታው መለሰችና ጓዳ ገባች። ለሦስት ወር ይበቃል ብላ በወሩ መጀመሪያ ያመጣችው የሰጋቱራ ጆንያ ሥሩ ላይ ሁለት እፍኝ ቀርቶታል። ወደ ላብራቶሪው ደውላ ዛሬ እንደማትመለስ ተናገረች። ከዚያ የአባቷ ክፍል በር ፊት ለፊት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ልብስ እያጠፈች ቁጭ አለች።

ብዙ አልቆየም። አባቷ ባልዲ ይዘው መጡ። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቀለሉና እጃቸውን፣ ቀዶ ጥገና ሊገቡ ይመስል፣ ጣት በጣት ታጠቡ። "የዚህን ፍጡር ቤት ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልነካለትም። ዛሬ እንኳ ላጽዳለት" አሉ።

ልታስቆማቸው አስባ ተወችው፤ ማየት ፈለገች። ጉንጬን በፎጣ ሲይዙት ነከሳቸው። አባቷ አልጮኹም። ድሮ ልጅ ሳለች ሐኪም ቤት ይዘዋት ሲሄዱ በምታውቀው ድምፅ፣ "አይዞህ፣ አይዞህ፣ አሁን ያልቃል" አሉት። ዘንግ በዘንግ አጠቡ፣ አጠቡና አደረቁ፣ አዲስ ሰጋቱራ አነጠፉ። ሥራው ያምር ነበር። ደማቸውን ጠርገው ሦስተኛ ፕላስተር ለጠፉና ጋዜጣቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ጋዜጣውን አጥፈው ተነሱ፣ የሽቦ ቤቱን ተመለከቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። "የዚህን ፍጡር ቤት ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልነካለትም። ዛሬ እንኳ ላጽዳለት።"

ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። የቀለዱ መስሏት ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?" አሉ፤ የምር ነው የጠየቁት።

አጥፋ የያዘችውን ልብስ ትታ ማድ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፍታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስትመለስ አባቷ ባልዲው ላይ አጎንብሰዋል። ጉንጬ ሳፋ ውስጥ ሆኖ ይጮሃል።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። አጠገቧ እንድትቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረገችላት። ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

"ስለ አባባ ታውቂ ነበር?"

ሲስተር የጫማዋን ክር ማፍታታት ጀመረች። "አንድ ቀን ነግሬው ነበር" አለች በመጨረሻ። "'አባባ፣ ቅድም አጽድተኸዋል እኮ' አልኩት። አልጋው ላይ ቁጭ አለና 'እውነት ሲስተር?' አለኝ። በጣም ፈራ እማዬ። አባባ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ 'ቀልዴን ነው' አልኩት።"

"ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ለሐኪም ትነግሪያለሽ። ከዛ ወስደው እዛው ያስቀሩታል።"

"ካልሲውስ?"

"ጠዋት፣ አባባ ሳይጥለው፣ ከአሮጌው ትንሽ ወስጄ እደብቅና ማታ እመልስለታለሁ። ቤቱ እንዲመስለው።"

"እንዲህ አድርጊ ብሎ ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ሹራቤ ሲታጠብ አይተኛበትም፤ ሳይታጠብ ነው የሚወደው።"

ለዚህ ነው እጇ እንደዚያ የተበሳሳው። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት። "ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ።"

"እሺ" አለች ልጅቷ። ጥቂት ቆይታ ግን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ምን ሆነ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። 'ምን አድርገሽው ነው?' ነው ያልሽኝ" ብላ ተነስታ ገባች።

ጥርስ ሠሪዋ ለአባቷ እንዴት እንደምትነግራቸው ስታወጣ ስታወርድ፣ በማግስቱ ጠዋት ሻይ ላይ እሳቸው ቀደሟት። ፕላስተር የሞሉ እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እየተመለከቱ ነበር።

"ትናንት ስንት ጊዜ ነው ያጠብኩት?"

መዋሸት ትችል ነበር። "እኔ ያየሁት አራት ጊዜ" አለች።

"በአንድ ቀን?"

"በአንድ ቀን።"

ሻያቸውን ወደ ጎን ገፉት። "እኔ ደግሞ እንስሳው ከፋ ብዬ ስታዘበው" አሉ። ቀጠሉና፣ "ሐኪም ቤት፣ ክፍል ስድስት ውስጥ አንድ መምህር ተኝተው ነበር። በየቀኑ ፋሻ ስቀይርላቸው በየቀኑ ማነህ ይሉኛል። አንድ ጠዋት በጥፊ አጮሉኝ።"

"ምን አደረግካቸው?"

"ምን አደርጋቸዋለሁ! ለካ እጄ ቀዝቃዛ ነው፤ ድንገት ነው የምነካቸው። ከዚያ ወዲያ እጄን አሞቅና ሩቅ ሆኜ 'እኔ ነኝ፣ ፋሻ ልቀይር ነው' ብዬ ነው የምቀርባቸው።" ቀና ብለው አዩዋት። "ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ። ያወቅኩትን ነገር ነው የሚነግሩኝ፤ ቢሆንም ውሰጂኝ።"

ሐኪሞቹም ያንኑ ነገሯቸው። የመርሳት በሽታ ነው፣ ገና ጅምሩ ነው፣ የሚያዘገየው ኪኒን አለ፣ የሚመልሰው ግን የለም። እዚያው አላስቀሯቸውም፤ ሲስተር በመስኮት ስትጠብቅ ውላ እሳቸውን ስታይ በባዶ እግሯ ነው ወደ ግቢው የሮጠችው።

የጉንጬ ቤት ልጅቷ ክፍል ገባ፣ በሩም ተዘጋ። የጥርስ ሠሪዋ አባት ግን ባልዲያቸውን ይዘው መፈለጋቸውን አልተዉም። የላብራቶሪው ባልደረባዋ "ሌላ ባዶ የሽቦ ቤት አስቀምጪላቸው፤ እሱን ይጠቡ" ብሎ መከራት፤ እሷም አደረገችው። ለአሥር ቀን ያህል አጠቡት። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ባልዲውን ከእነውሃው ወለሉ ላይ ደፉት። "ባዶ ነው እኮ! ባዶ ቤት ነው የምታሳጥቡኝ? በኔ ላይ ነው የምትቀልዱት?" ብለው ሲጮኹ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ሲስተር ጥግ ይዛ አለቀሰች። ጥርስ ሠሪዋ የዚያኑ ቀን ባዶውን ቤት ከግቢ አውጥታ ጣለችው። አባቷን የሚያታልል ዘዴ ከዚያ በኋላ አልፈለገችም። ሲጠይቁ "ዛሬ ተጸድቷል" ይባላሉ። አንዳንድ ቀን እሺ ብለው ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ይጣላሉ።

ጉንጬ በሦስተኛው ሳምንት ሽቦ ማኘክ ተወ። ጠጉሩ በቀለ፤ መኝታው ሥር የሱፍ ፍሬ አከማቸ። በሁለተኛው ወር ሲስተር እጇን አስገብታ መዳፏ ላይ እስኪወጣ ትጠብቀው ጀመር፤ እሱም ወጣ። እናትየውን ግን አልማራትም። ጣቷን ሲያይ አሁንም በጀርባው ይንጋለላል። እሷም አትከራከረው፤ በኩባያ ታወጣዋለች።

ከልጇም ጋር እንደ ድሮው ለመሆን ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ ቀን ሲስተር ከትምህርት ቤት ገብታ፣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር፣ እናቷ ፊት ቆመች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር። መጀመሪያ ግን ታምኚኛለሽ?"

ጥያቄው እንደ ስለት ገባባት። "አምንሻለሁ" አለች።

"ጠዋት አባባን መንገድ ዳር አገኘሁት። ኮቱን ለብሶ የሐኪም ቤቱን ሰርቪስ እየጠበቀ ነበር። 'ሥራ ረፈደብኝ' አለኝ። ና እንመለስ ስለው ተቆጣ። ስለዚህ አብሬው ቆምኩ። ሲደክመው ራሱ እንሂድ አለኝና ቤት አደረስኩት። ከዛ አረፈድኩ። መምህሯ አላመነችኝም፤ ወላጅ አምጪ ብላኛለች።"

"ምን ያህል ቆማችሁ?"

"ብዙ። ሁለት ሰዎች አውቶቡስ ነው የምትጠብቁት ብለው ጠየቁን። አዎ አልናቸው።"

ጥርስ ሠሪዋ ልጇን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት፤ ልጅቷ በዚህ ጊዜ አልሸሸችም። በማግስቱ አባቷን ጎረቤት ዘንድ አስቀመጠች፣ ለላብራቶሪው አረፍዳለሁ ብላ ደወለች፣ ከሲስተር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ።